ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት

ባለፈው መጋቢት ከዲኤምቪ (እዚህ አሜሪካ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ደረሰኝ። የ2006 ኮሮላዬ የኢሚሽን (የጭስ ብክለት) ምርመራ ጊዜው ደርሷል ይላል። እኛ ባለንበት በሰሜን ቨርጂኒያ ምርመራው በየ2 ዓመቱ ነው፤ መኪናው ካላለፈ ምዝገባው አይታደስም። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መብራቱ እየበራ ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ጋራዥ ደወልኩ። "ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ 340 ዶላር" አሉኝ፣ መኪናውን ሳያዩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዓመታት በፊት አንድ ካምሪ ነበረኝ። የመኪናው ኮምፒውተር የሰጠው የብልሽት ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ትርጉሙም ሞተሩ ከቤንዚኑ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ያየው መካኒክ ወዲያው የፊቱን ሴንሰር ቀየረው። መብራቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ለካስ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር። ሴንሰሩ ደህና ነበር፤ ያየውን በትክክል ነው የተናገረው። ጤነኛ ዕቃ አውጥቼ ጥዬ፣ ገንዘቤንም ከፈልኩ።

ስለዚህ ይህን ሥራ ቤታችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ከመፍቻው በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አንሱ። ኮዱ ኮምፒውተሩ ችግሩን የት እንዳየው ይነግራችኋል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይነግራችሁም።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ኦክስጅን ሴንሰር ካንዴላ የሚመስል፣ ጭስ ማውጫው ላይ የሚታሰር ነገር ነው። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። እንደኔ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። የፊተኛው ጭሱን ከሚያጣራው ዕቃ፣ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ በፊት ነው፤ ኮዱ ላይ ሴንሰር 1 ይባላል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚመጥነው በእሱ ነው። ስለዚህ እሱ ሲበላሽ መኪናው ቤንዚን ይበላል፣ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል። የኋለኛው፣ ሴንሰር 2፣ ከኮንቨርተሩ በኋላ ተቀምጦ ኮንቨርተሩ ሥራውን መሥራቱን ይጠብቃል። እሱ ሲበላሽ አነዳዱ ላይ ምንም ላይታወቃችሁ ይችላል። የሚታየው መብራቱ ብቻ ነው። የእኔም እንደዚያ ነበር።

ሴንሰሩ በደንብ የሚሠራው ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው። ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ጭሱ እስኪያሞቀው እንዳይጠበቅ ውስጡ ትንሽ ማሞቂያ ሽቦ አለው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞተው ይህ ማሞቂያ ነው።

ኮዱን ለማንበብ ገንዘብ አታውጡ። እዚህ አሜሪካ እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነቡላችኋል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘው ትንሽ ማንበቢያ ትበቃለች። የእኔ ኮድ ፒ0141 ነበር፦ የኋለኛው ሴንሰር ማሞቂያ። ፒ0135 ቢሆን የፊተኛው ማሞቂያ ነበር። ሁለቱ ኮዶች አንድ ላይ ከመጡ ግን ሁለት ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ፊውዝ እዩ። ሁለት ማሞቂያ በአንድ ቀን መሞቱ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። የሴንሰሩን ሶኬት ለመንቀል ከመኪናው ስር ገብቼ ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ። የለም። በዚህ ኮሮላ የኋለኛው ሴንሰር ሽቦ ወለሉን በቀዳዳ በስቶ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳውን ላስቲክ ይደፍነዋል። ሶኬቱ ከፊት ተሳፋሪው በኩል፣ መሃል ኮንሶሉ አጠገብ፣ ከምንጣፉ ስር ተደብቋል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ እንዲሁ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የዚያን ቀን ጀርባዬ ባላመመኝ።

ቁልፉን አጥፍታችሁ፣ መኪናው ቀዝቅዞ፣ ሶኬቱን ንቀሉት። ከሴንሰሩ አራት ሽቦዎች ይወጣሉ። ቀለማቸው አንድ ዓይነት የሆኑት ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በነዚህ በሁለቱ መሃል ለኩ። በእኔ መኪና የኋለኛው ሴንሰር ደህና ከሆነ ከ11 እስከ 16 ኦም ያሳያል። የፊተኛው ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው፤ በዚህ አትመዝኑት። የእኔ ቴስተር ምንም አላነበበም፤ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ቀጥላችሁ ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት ላይ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ገደማ መምጣቱን እዩ። ከመጣና ማሞቂያው ካላነበበ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ካልመጣ ግን አዲስ ሴንሰር መብራቱን አያጠፋውም፤ ፊውዝና ሽቦ ተከተሉ።

ኮዱ የማሞቂያ ካልሆነና የአየርና የቤንዚን ድብልቁን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ አዳምጡ። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ካለ አየር በዚያ ይገባና ሴንሰሩ እውነት እየተናገረ ውሸታም ይባላል።

አዲሱን ስትገዙ ለመኪናችሁ ተብሎ የተሠራውን፣ ሶኬቱ ልክ የሚገጥመውን ውሰዱ። ቶዮታ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የዴንሶ ኩባንያ ሴንሰር ነው የሚገጠምለት፤ እኔም ዴንሶ በ68 ዶላር ገዛሁ። ሽቦ ቆርጦ የሚቀጠለው ዓይነት ይረክሳል፣ ግን አልወደውም። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከውጭ አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ነው። በብየዳ እርሳስ ከቀጠላችሁት ያ መተንፈሻ ይደፈናል። አዲሱንም ከመግጠማችሁ በፊት ለኩት። የእኔ 13 ኦም አነበበ፤ ደስ አለኝ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ክሪክና ሁለት የብረት መቆሚያ፣ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ እና ለሽቦው በጎኑ የተሰነጠቀ 22 ቁጥር የኦክስጅን ሴንሰር የመፍቻ ሶኬት። የመፍቻ ሶኬቱን አትግዙት። መደብሮቹ ተመላሽ ማስያዣ ተቀብለው ያውሳሉ። ቶርክ ሬንችም (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) አብራችሁ ተዋሱ።

እኔ የምኖረው አፓርትመንት ስለሆነ እህቴ ቤት፣ ዉድብሪጅ ሄድኩ። መሬቱ ሲሚንቶና ደልዳላ ነው። እጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማውን በድንጋይ ወይም በእንጨት አስደግፉ፣ በክሪክ አንሱና መቆሚያዎቹ ላይ አሳርፉ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነበር። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ሲገባ አንድም ቀን አላየሁትም፤ እኔንም አያስገባኝም ነበር። ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ አውርዳችሁ እንደገና አስቀምጡ።

ዋናው ትግል መፍታቱ ነው። እዚህ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል፤ ጨው ደግሞ ጭስ ማውጫን ይበላል። ሴንሰሩ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ነው የምታገኙት። በጉልበት ከታገላችሁት የብሎን ጥርሱን ይዞት ይወጣና 68 ዶላር የነበረው ሥራ የብየዳ ሥራ ይሆናል። እኔ ዘይቱን ማታ፣ ቀዝቃዛ እንዳለ፣ ሥሩ ላይ ረጨሁና አሳደርኩት። በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ አትርጩት፤ ይቀጣጠላል። ጠዋት ሞተሩን ደጅ ላይ አምስት ደቂቃ አስነሳሁና አጠፋሁ። ለብ ያለ ብረት ከቀዝቃዛው ይልቅ ይላቀቃል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፣ ሞተሩ እየሠራም ከስር አትግቡ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ከዚያ በጓንት። የመፍቻ ሶኬቱን አስገብቼ በረጅሙ እጀታ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ጭጭ አለ። ትንሽ ጨመርኩ፣ ጧ ብሎ ሩብ ዙር ሄደ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሩብ ዙር ፍቱ፣ ትንሽ መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። እየከበደ ከመጣ ጥርሱ እየተላጠ ነው ማለት ነውና ትንሽ ወደ ማጥበቂያው መልሱት። እኔን 20 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ጨርሶ እምቢ ካላችሁ አንድ መላ አለ፦ መሞቱን በልኬት ካረጋገጣችሁ ሽቦውን ቁረጡትና ጎኑ ያልተሰነጠቀ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ጥልቅ 22 ቁጥር የመፍቻ ሶኬት አስገቡበት። የተሰነጠቀው ሶኬት ጉልበት ሲበዛበት ይከፈታል፤ ሙሉው ግን አይከፈትም። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ሴንሰሩ ራሱ አይሽከረከርም፤ በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው። ስር ገብታችሁ ሳታዩ መሣሪያ አትዋሱ።

አሮጌው ሲወጣ ላስቲኩን ወደ ታች ገፍታችሁ ሽቦውን አውጡ። የቀዳዳውን ጥርስ በጨርቅ ጥረጉ። ዝገት ከሞላው 18 በ1.5 ሚሊሜትር የብሎን ጥርስ ማጽጃ አስገብታችሁ በእጅ አሽከርክሩ።

አዲሱን ስትይዙ ጫፉን አትንኩ። በቤንዚን አትጠቡት፣ ሲሊኮን ነገር አጠገቡ አታድርሱ። ሲሊኮን ሴንሰር ይገድላል። ከእጃችሁ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ደህና ቢመስልም አትመኑት፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ጥርሱ ላይ የተቀባው ቅባት ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ሌላ አትጨምሩ። ያልተቀባ ከሆነ አብሮ የሚመጣውን ትንሽ ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ቀቡ።

በጣታችሁ ጀምሩት። በጣት አምስት ስድስት ዙር ያለ ችግር መሄድ አለበት። ገና ሲጀምር ከያዘ ጠማማ ገብቷልና አውጡት። ከዚያ በቶርክ ሬንች 44 ኒውተን ሜትር አጥብቁት፤ በአሜሪካ መለኪያ 32 ፉት ፓውንድ ገደማ ነው። ሽቦው ጭስ ማውጫውን እንዳይነካ በነበረበት መስመር አሳልፉት። ላስቲኩን ቀዳዳው ውስጥ በደንብ አስቀምጡ። ይህን ችላ እንዳትሉት። ላስቲኩ ካልገጠመ የዝናብ ውሃም ጭስም እናንተና ልጆቻችሁ ወደምትቀመጡበት ይገባል። የሽቦውን ሶኬት መልሳችሁ ሰክታችሁ ቀጭ ሲል ምንጣፉን መልሱ።

ኮዱን በማንበቢያዋ አጠፋሁት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኮድ ሲጠፋ ወይም የባትሪ ገመድ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ምርመራ ጣቢያው መብራቱን ብቻ አያይም፤ ፈተናዎቹ መጠናቀቃቸውንም ይጠይቃል። ለ2001ና ከዚያ በኋላ ለተሠሩ መኪናዎች ያላለቀ ፈተና ከአንድ በላይ ከሆነ ይመልሷችኋል። ስለዚህ ማታ አጥፍቶ ጠዋት መሄድ አያዋጣም። እኔ አራት ቀን ሥራ በተለመደው መንገዴ ተመላለስኩ፣ ግማሹን ሀይዌይ ላይ፣ ግማሹን ከተማ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እየተነሳ። በየማታው በማንበቢያዋ አየሁ። በአራተኛው ቀን የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ወሰድኩት። አለፈ። የተዋስኩትን የመፍቻ ሶኬትና ቶርክ ሬንች በዚያው መንገድ መልሼ ማስያዣዬን ተቀበልኩ።