ከእጄ ስር የሚሸሸው ምንጣፍ

የኮንዶሚኒየም ቤቴ ወለል ሴራሚክ ነው። ፑሽአፕ ስጀምር የስፖርት ምንጣፉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ እኔም አብሬው። አንድ ቀን አገጬ ከወለሉ ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

ጥፋቱን በምንጣፉ ላይ አሳብቤ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሌላ ገዛሁ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ስፖንጁ ስለሚሰምጥ በአንድ እግር ስቆም ቁርጭምጭሚቴ ይንቀጠቀጣል፤ መንሸራተቱም እንዳለ ነው። ገንዘቤን በከንቱ አባከንኩ።

ነገሩ የገባኝ አሮጌውን ገልብጬ በእጄ ስዳብሰው ነው። ከስሩ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሲወለወል የቀረ ሳሙና። ታዲያ እንዴት ይያዝ?

ወለሉን በንጹህ ውሃ ብቻ ደግሜ ወለወልኩ። አሮጌውን ባለ 6 ሚሊሜትር ምንጣፍ ሁለቱንም ፊት ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ አሸሁት፤ ማሟለጩ እስኪጠፋ አለቀለቅኩት። በረኪና አላስጠጋሁም፣ ላስቲክ ይጎዳል። ፀሐይም እንደዚያው ስለሚያሰነጣጥቀው በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን ካስመጠጥኩ በኋላ ጥላ ውስጥ ገመድ ላይ አዋልኩት። እርጥቡን ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ መክተት የሚያመጣውን ሽታ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ እናቴ «ምን ሞቶ ነው?» ብላኛለች።

አሁን ንቅንቅ አይልም። በየሳምንቱ ስሩን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ወፍራሙን አልጣልኩትም፣ ስንበረከክ አጥፌ ጉልበቴ ስር አደርገዋለሁ።