ራቭፎር ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ስንተኛዋ እንደሆነች ለይ

ደላላው ደውሎ «ራቭፎር አለች፣ ንፁህ ናት» ቢልህ ገና ምንም አልነገረህም። ቶዮታ ይቺን መኪና መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ ከዛ ወዲህ ስሟ ያው ሆኖ መኪናዋ ግን በየጊዜው ሌላ ሆናለች፣ የመጀመሪያዋ ባለ 3 በር ርዝመቷ 3.7 ሜትር አካባቢ ነበር፣ 5ኛዋ ትውልድ 4.6 ሜትር ደርሳለች። ስለዚህ ዋጋ ከማውራትህ በፊት ስንተኛዋ ትውልድ እንደሆነች እወቅ።

ወደ ኋላ ዙርና በሩን ክፈት። እንደ ቤት በር ወደ ጎን ከተከፈተ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ካሉት አንዷ ናት፣ በአብዛኛው እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) የተሰራች ማለት ነው፣ ወደ ላይ ከተነሳ 4ኛ ወይም ከዛ ወዲህ። (በነገራችን ላይ የጎን በሩ ማጠፊያ በቀኝ ነው፣ ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ ለነሱ ይመቻቸዋል፣ እኛ ጋ ግን ዳር ይዘህ ስታቆም በሩ ከእግረኛ መንገዱ ይጋርድሃል፣ ዕቃ ለመጫን አስፋልቱ ላይ መቆም ነው።)

በር ብቻ ግን አይበቃም። ኮፈኑን ከፍተህ ሞዴል የሚል ፅሁፍ ያለበት ትንሽ ብረት ፈልግ፣ ካጣኸው የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለውን ስቲከር እይ። ከፊደሎቹ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱ ነው፦ ኤስኤክስኤ11 1ኛ፣ ኤሲኤ21 2ኛ፣ ኤሲኤ33 3ኛ፣ ኤኤስኤ44 4ኛ። ሻጩ «2008 ናት» እያለ ቁጥሩ በ2 ከጀመረ፣ 2ኛዋ ከዛ በፊት ስላበቃች፣ አትከራከር፣ ሰላም ብለህ ሂድ።

«ፎር» የሚለውም አያታልልህ። ስሙ በአራቱም ጎማ ትነዳለች ለማለት ነው የወጣው፣ ግን የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳቸው ብዙ ናቸው፣ ለምሳሌ 2ኛዋ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር። ጎንበስ በልና ከኋላ በኩል ከስር እይ፣ ዲፈረንሻል (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው የብረት ድቡልቡል) እና ወደሱ የሚሄድ ዘንግ ከሌለ የምትከፍለው ለስም ነው።

3ኛዋ ላይ ትንሽ ቆይ። በአራቱም ጎማ የምትነዳው ላይ የኋላ ጎማዎቹ ከሞተሩ ኃይል የሚያገኙት ሲያስፈልግ ብቻ ነው፣ አራቱም አብረው እንዲነዱ ሎክ የሚለውን ቁልፍ ብትጫንም ከ40 ኪ.ሜ. በሰዓት ስታልፍ ራሱ ይለቃል፣ ተበላሸ ብለህ ጋራዥ እንዳትሮጥ። ባለ 2.4 ሞተሯ ደግሞ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ዘይት በመብላት ይታወቃል፣ ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን ሳብና እይ፣ ትናንት የተሞላ የሚመስል ንፁህ ዘይት ካየህ «መቼ ተቀየረ፣ በመሃል ስንት ሊትር ጨመርክ» ብለህ ጠይቅ።

ሌላው፣ ራቭፎር እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው ሻንሲ (ቦዲውን ከስር የሚሸከም የብረት አጽም) የላትም፣ እንደ ኮሮላ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። ተጋጭታ የተቃናች ከሆነ ቀለሙ ቢያምርም ችግሩ ውስጥ ይቀራል፣ የኋላውን ምንጣፍ አንስተህ ብየዳ ፈልግ፣ ደላላው ቢነጫነጭም።