ለልጅ ስልክ ብላችሁ መታወቂያችሁን አትበትኑ

ደሴ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ሥራዬ መልኩን ይቀይራል። ወላጅ ልጁን አስከትሎ ይመጣና «ይሄ ልጅ የማይሆን ነገር እንዳያይ አድርግልኝ» ይለኛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አብዛኛው ሰው እኔ ጋ የሚደርሰው ነገሩን ካበላሸ በኋላ ነው። በብዛት የማያቸው ጥፋቶች እነዚህ ናቸው።

መታወቂያ ፎቶ አንስቶ መላክ

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። አንዲት እናት የልጃቸው አካውንት «ዕድሜ ይረጋገጥ» ብሎ ተቆለፈባቸው። ቴሌግራም ላይ «አካውንት አስከፍታለሁ» የሚል ሰው አገኙ። ፋይዳቸውን ፊቱንም ጀርባውንም አንስተው ላኩለት።

«ማን ነው ሰውዬው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ፎቶው ላይ ከረባት አስሯል።»

ከረባት! ካርዱ ላይ ስም አለ፣ ፊት አለ፣ የልደት ቀን አለ። ጀርባው ላይ ያለው 12 አሃዝ ቁጥር ደግሞ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ አይደለም። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ፊትና የልደት ቀን በምን ይቀየራል?

«ታዋቂ ድርጅት ከሆነስ?» የሚሉኝ አሉ። ሰው በቡድን የሚያወራበት ዲስኮርድ የሚባለው አፕ ታዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶ ሳይሾልክ እንዳልቀረ ራሱ ተናግሯል። ፎቶዎቹ የተሰበሰቡት ዕድሜ ለማጣራት ነበር። ቀዳዳው የተገኘው ደግሞ ሥራውን በኮንትራት በሰጠው ሌላ ድርጅት በኩል ነው። ያልተሰበሰበ ፎቶ አይሾልክም።

ብሪታንያ ውስጥ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የአዋቂ ነገር የሚያሳዩ ገጾች ዕድሜ እንዲያጣሩ በሕግ ተገደዋል። አውስትራሊያ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ አግዳለች። እዚያ ያለ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ደሴ ቁጭ ብሎ የ10 ዓመት ልጅ ስልክ የሚያስተካክል ሰው ግን ምን አስቸኮለው? የልጁን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው እቤት አለ። አባቱ ያውቃል፣ እናቱ ታውቃለች። ገደቡን እነሱ ስልኩ ላይ ካደረጉ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ መታወቂያ የሚያይበት ምክንያት የለም።

አንድሮይድ ከሆነ ለልጁ የራሱን አካውንት ክፈቱና ወላጅ የልጁን ስልክ በሚቆጣጠርበት የጎግል አፕ፣ በፋሚሊ ሊንክ፣ ከእናንተ ጋር አያይዙት። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ስክሪን ታይም አለ። ጎግልም ሆነ አፕል የልደት ቀኑን ያውቃሉ፣ እሱን አልክድም። ግን አንድ ቦታ ማወቅና በየአፑ መበተን አንድ አይደለም። አዲሱ የአይፎን ሶፍትዌር ላይ እንዲያውም፣ ወላጅ ከፈቀደ፣ አፑ የሚነገረው ልጁ ያለበት የዕድሜ ክልል ብቻ ነው። የልደት ቀኑን አያይም።

ልደቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ይሄ የኛው ጉድ ነው፤ የፈረንጅ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ልጁ የተወለደው 2008 ነው። አባት 2008 ብሎ ይሞላል። አካውንቱ የሚቆጥረው በፈረንጁ ነው፤ ልጁ በእሱ የተወለደው 2015 ወይም 2016 ነው። የ10 ዓመቱ ልጅ በአንድ ጊዜ ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ «ፋሚሊ ሊንክህ አይሠራም» ተብዬ እወቀሳለሁ።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከተወለደ 7 ደምሩ። ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8። ቀኑንና ወሩንም መቀየር አትርሱ።

«1990 በልለት፣ ይለፍ»

ይሄ የኛ የባለሱቆች ጥፋት ነው። ደንበኛው ቶሎ እንዲሄድ የልደት ዓመቱን 1990 ብለን ሕፃኑን የ35 ዓመት ገደማ ሰው እናደርገዋለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ቪዲዮም ማስታወቂያም ለትልቅ ሰው የሚሆን ነው።

ዲኤንኤስ ሞልቶ «ጨረስኩ» ማለት

ዲኤንኤስ ማለት ስልኩ የድረ ገጽ ስም ጠይቆ አድራሻ የሚቀበልበት አገልግሎት ነው። ክላውድፍሌር የሚባል ድርጅት ከ2020 ጀምሮ ለቤተሰብ የሚሆን ዲኤንኤስ በነጻ ይሰጣል። ዋይፋይ የሚሰጠው ዕቃ፣ ራውተሩ ላይ፣ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብላችሁ ትሞላላችሁ። የአዋቂ ገጾችንና ቫይረስ ያለባቸውን ይዘጋል። ስም አይጠይቅ፣ ዕድሜ አይጠይቅ። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ስልኩ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለው ቦታ ግን ቁጥር አይቀበልም፣ የሚፈልገው እንደ ድረ ገጽ አድራሻ በፊደል የተጻፈ ስም ነው። እዚያ ቁጥር ጽፎ «እምቢ አለኝ» ብሎ የሚመጣ አላጣም።

ቀዳዳም አለው። ኮምቦልቻ አንድ ሐጂ ቤት ራውተሩን አስተካክዬ ሞከርን፣ ዘጋ። «ማሻአላህ» ተባልኩ፣ ቡና ተጠጣ። ልጁ ጥግ ላይ ስልኩን ይዞ ፈገግ ይላል። ፈገግታው አላማረኝም። ለካ ሲም ካርዱ ላይ ፓኬጅ አለ፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ በዳታ እየገባ ነው።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ሳንጨርስ ነው ያመሰገኑኝ» አልኳቸውና ስልኩን ተቀበልኩት።

ራውተር የሚጠብቀው በእሱ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ያለውንም ዲኤንኤስ አያየውም። ለእሱ ወይ አፑን በፋሚሊ ሊንክ መዝጋት ነው፣ ወይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት።

ነጻ ቪፒኤን

ቪፒኤን ኢንተርኔቱን በሌላ ሰው ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የሚያስገባ አፕ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ካገኛችሁ አጥፉት። በዲኤንኤስ የዘጋችሁትን ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደሆነም አይታወቅም።

ፒኑን ለታላቅየው መንገር

ታላቅ ወንድም ገደቡ የሚከፈትበትን ፒን ይሸጣል። የሰማሁት ዋጋ የ25 ብር ካርድ ነው።