በእንግሊዝ አገር የመንደር የጦርነት መታሰቢያ መጠለያን በቅርስነት ለማስመዝገብ ምን ማድረግ ይገባል?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ የብሪታንያ ወታደሮች አስከሬን ወደ አገር እንዳይመለስ ተከልክሎ ስለነበር፣ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር በቅርባቸው አልነበራቸውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1918 በኋላ የእንግሊዝ መንደሮች ለሟቾቻቸው መታሰቢያ ማቆም ጀመሩ። ብዙዎቹ የድንጋይ መስቀል ሲመርጡ፣ አንዳንዶቹ ግን ለነዋሪው የሚጠቅም ነገር ይሻላል ብለው አዳራሽ፣ የአደባባይ ሰዓት ወይም መንገደኛ የሚያርፍበት መጠለያ ሠሩ። መጠለያ ሲታይ ተራ የመንገድ ዳር ጥላ ስለሚመስል በቀላሉ ችላ ይባላል፤ በመሆኑም ሊያስመዘግበው የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሳየት ያለበት፣ መታሰቢያው ሕንፃው ራሱ እንጂ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የስም ሰሌዳ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ለዚህ ዋናውን ማስረጃ በመንደሩ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይፈልጉ። እነዚህ ምክር ቤቶች በ1894 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ ስለሆኑ፣ የዘመኑ መዝገባቸው በካውንቲው ቤተ መዛግብት ሊገኝ ይችላል። ገንዘቡን ማን እንዳዋጣ፣ ቦታውን ማን እንደሰጠ፣ መስቀል ይቁም ወይስ መጠለያ ይሠራ በሚለው ላይ ምን እንደተባለ ያንብቡ። ክርክር ተነሥቶ ከነበረ ለእርስዎ መልካም ነው፤ ሰዎች የተሟገቱበት ጉዳይ ምክንያቱ ጭምር ተጽፎ ይቀራልና። የምረቃውን ሥነ ሥርዓት ደግሞ የአካባቢው ጋዜጣ ዘግቦት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ሕንፃው ይሂዱ። የተቀረጹትን ስሞች ጠዋት ወይም ሊመሽ ሲል፣ ፀሐይ ድንጋዩን ከጎን ስትመታው ፎቶ ያንሡ፤ በእኩለ ቀን ብርሃን የማይነበብ ፊደል ያን ጊዜ ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። ስሞቹ በማዕረግ ነው ወይስ ማዕረግ ሳይለይ በፊደል ተራ የሰፈሩት? የ1939–1945 ጦርነት ሟቾች በኋላ በተለየ አጻጻፍ ተጨምረው ከሆነ ጉድለት አይደለም፤ መንደሩ በመታሰቢያው መገልገሉን አለማቋረጡን ያሳያል። ከወጋግራዎቹ፣ ከመቀመጫውና ከጣሪያው ክዳን የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው የተተካ መሆኑንም ሳይደብቁ ይመዝግቡ።

ሟቾቹን ለመለየት የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የስም መዝገብና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ይረዳሉ። የአንድ ወታደር የአገልግሎት ማኅደር ቢጠፋ አይደነቁ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 በለንደን ላይ በተጣለ ቦምብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማኅደር ተቃጥሏል።

ማመልከቻው የእንግሊዝን ቅርሶች ለሚከታተለው የመንግሥት አካል ለሂስቶሪክ ኢንግላንድ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይቀርባል። ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል፤ የባለቤቱ ፈቃድም ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ ምንም እንኳ ባለቤቱን አስቀድሞ ማነጋገር ጨዋነት ቢሆንም። በቅርስነት ስለሚመዘገቡ ሕንፃዎች የወጣው የ1990ው ሕግ የሚጠይቀው ልዩ የሥነ ሕንፃ ወይም የታሪክ ፋይዳ ስለሆነ፣ ማመልከቻው የመንደሩን ሐዘን ከመተረክ ይልቅ ንድፉን፣ የግንባታ ቁሳቁሱን፣ ሳይለወጥ የቆየበትን መጠንና ከሟቾቹ ጋር ያለውን ግንኙነት በማስረጃ ቢያስረዳ ይሻላል። ውሳኔው የባህል ሚኒስትሩ ሲሆን፣ ከሚመዘገቡት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ያገኛሉ። ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ በአካባቢው አስተዳደር የቅርስ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

ከተመዘገበ በኋላ የሕንፃውን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። መጠለያው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ካለ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኖራ የተገነባ ግድግዳ በሲሚንቶ አይመረግ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩ ይላጣል። የሽቦ ብሩሽና በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃም ፊደላቱን ይበላቸዋል። ለጥገና ወጪ የአካባቢ ምክር ቤቶች በ1923 የወጣው ሕግ በሰጣቸው ሥልጣን ገንዘብ ሊያወጡ ይችላሉ። በ1997 የተመሠረተው፣ ለጦርነት መታሰቢያዎች እንክብካቤ የሚሠራው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዋር ሜሞሪያልስ ትረስትም ምክርና ድጎማ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለተጠናቀቀ ሥራ ስለማይከፍል ጥያቄው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መቅረብ አለበት።