አይኮንን ከፕሮግራም ፋይል ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት አይኮንን እንደ አንድ ነጠላ ምስል መቁጠር ነው። በዊንዶውስ የኢኤክስኢ (የፕሮግራሙ ማስነሻ) ወይም የዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት አጋዥ) ፋይል ውስጥ አይኮን የሚቀመጠው በቡድን ነው፤ 16፣ 32፣ 48 እና 256 ፒክስል ስፋት ያላቸው ምስሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተቀምጠው፣ የትኞቹ በአንድነት አንድ አይኮን እንደሚሆኑ የሚመዘግብ ሌላ አጭር ዝርዝር ይኖራል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ያገኘውን የመጀመሪያ ምስል ያወጣና 32 ፒክስሉን ወደ 256 ሲለጥጠው ጠርዙ ይደበዝዛል። አንድ ወጣት ባልደረባችን የደበዘዘውን አይኮን ከባዶ እንደገና ሲሥል አግኝቼው ነበር፤ ትልቁና ጥርት ያለው ምስል እዚያው ፋይል ውስጥ መኖሩን ሳሳየው ባከነበት ድካም ከእሱ እኩል አዘንኩ። ትንሹን ምስል መጣልም እንዲሁ ጥፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ የ16 ፒክስሉ ምስል ከትልቁ ተጨምቆ የወጣ ሳይሆን፣ በዚያ ጠባብ ቦታ እንዲነበብ ሠዓሊው መስመሮቹን ቀንሶ ለብቻው ያዘጋጀው ነው። ስለዚህ ሪሶርስ ሃከር በተባለው የሪሶርስ (ፕሮግራም ፋይል ውስጥ የተከተተ አይኮንና የመሳሰለው) ማውጫና ማረሚያ የሚሠሩ ከሆነ ነጠላ ምስሎች ያሉበትን «አይኮን» የሚለውን ክፍል ትተው «አይኮን ግሩፕ» ከሚለው ያስቀምጡ፤ ቡድኑ የሪሶርስ ዓይነት ቁጥሩ 14 ሲሆን፣ የነጠላ ምስሎቹ ግን 3 ነው።

ፕሮግራም ጽፈው የሚያወጡ ሰዎችም ከዚህ ስህተት አያመልጡም። በዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያ መድረክ) ያለው «ኤክስትራክት አሶሺዬትድ አይኮን» የሚባለው ትእዛዝ የሚሰጠው የ32 ፒክስሉን ምስል ብቻ ስለሆነ ሙሉ ቡድን ለሚፈልግ ሰው አይበቃም። ፋይሉን ራሳቸው የሚያነቡ ደግሞ ስፋቱ 0 ተብሎ የተጻፈውን ምስል ባዶ መስሏቸው ይዘሉታል፤ ነገር ግን 256 በአንድ ባይት ስለማይያዝ በ0 የተወከለው ትልቁ ምስል እሱ ነው።

ስክሪንሾት አንስቶ መቁረጥ አይኮን ማውጣት አይደለም። ከዊንዶውስ ኤክስፒ (እ.ኤ.አ. 2001) ጀምሮ አይኮኖች ከፊል ግልጽነት ያላቸው ለስላሳ ጠርዞች ሊኖሯቸው ይችላሉ፤ ስክሪንሾት ሲነሳ እነዚህ ጠርዞች ከጀርባው ቀለም ጋር ይዋሃዳሉ፣ ምስሉም ጥቁር ገጽ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ይታያል። ጄፔግ አድርጎ ማስቀመጥም ግልጽነትን ጨርሶ ያጠፋል፤ ነጠላ ምስል ካስፈለገ ፒኤንጂ ይምረጡ።

የፒኤንጂን ቅጥያ ወደ አይኮ (የዊንዶውስ የአይኮን ፋይል ቅጥያ) መቀየር የፋይሉን ስም እንጂ ይዘቱን አይለውጥም።

ፋይሉን መሳትም ብዙ ሰዓት ያባክናል። የኢንስቶለር (ፕሮግራሙን የሚጭነው) ፋይል የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን አይኮን ስለሆነ፣ የሚፈልጉት ያለው ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ በሚገኘው ኢኤክስኢ ወይም አብረውት ባሉት ዲኤልኤሎች ውስጥ ነው። የዊንዶውስን የራሱን አይኮኖች የሚፈልጉም ከዊንዶውስ 10 የ1903 ስሪት ወዲህ ሼል32 እና ኢሜጅሬስ የተባሉት የዊንዶውስ ዲኤልኤሎች ምስሎች «ሲስተም ሪሶርስስ» ወደሚባለው ፎልደር፣ «ኤምዩኤን» የሚል ቅጥያ ወዳላቸው ፋይሎች መዛወራቸውን ይወቁ። በሊኑክስ ላይ ደግሞ የፕሮግራሙን ፋይል መበርበር በአመዛኙ ከንቱ ድካም ነው፤ አይኮኖቹ «ዩኤስአር/ሼር/አይኮንስ» ውስጥ እንደ ተራ ምስል ተቀምጠዋል። በማክ የመተግበሪያውን ጥቅል ከፍቶ ከ«ሪሶርስስ» ፎልደር «አይሲኤንኤስ» የሚል ቅጥያ ያለውን የአይኮን ፋይል መፈለግ ይቀድማል።

አይኮንን በተራ ቁጥሩ መጥራትም አያስተማምንም፤ አዲስ ስሪት መሐል ላይ አንድ አይኮን ሲጨምር ተራው ሁሉ ይንሸራተታል። በዊንዶውስ አሉታዊ ቁጥር ከሰጡ ግን የሚፈለገው በሪሶርስ መለያው ነው።

በመጨረሻም፣ አይኮን ለማውጣት ፕሮግራሙን ማስነሳት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ የሪሶርስ ማረሚያ ከፍተው በስህተት ዋናውን ፋይል ለውጠው ካስቀመጡት ዲጂታል ፊርማው (ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጠው ምልክት) ይበላሻል።