ሳንዱች ከማዘዛችሁ በፊት፦ አሳማው፣ ቺዙና ማዮኔዙ የት የት እንዳለ

አሜሪካ ገብታችሁ ሥራ ስትጀምሩ ምሳችሁ ቶሎ ቶሎ ሳንዱች መሆኑ አይቀርም። የእረፍት ሰዓቱ አጭር ነው፤ ሳንዱች ደግሞ በየማዕዘኑ አለ። አዲስ ሰው የሚቸገረው ስሙ ላይ ነው፤ ስሙ ውስጡ ያለውን ብዙ ጊዜ አይናገርም።

ከሀምበርገር እንጀምር። «ሃም» የአሳማ ጭን ሥጋ ስለሆነ ሀምበርገርንም አሳማ ነው ብሎ የሚተወው ሰው አለ። ስሙ የመጣው ግን ሀምቡርግ ከሚባለው የጀርመን ከተማ ነው፤ ሥጋውም የተፈጨ የበሬ ሥጋ ነው። አሳማ የሚገባበት «ቤከን» ሲጨመርበት ነው። የጠዋቱ የእንቁላል ሳንዱች ግን ሳይጠረጠር ያልፋል። «ሶሴጅ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ነው ብላችሁ ያዙት፤ የተርኪ (ከዶሮ ተለቅ ያለ ወፍ) ወይም የበሬ ከሆነ ለይተው ይጽፉታል።

ቢኤልቲ ማለት ቤከን፣ ሰላጣና ቲማቲም ነው። ክለብ ሳንዱች ተርኪ ወይም ዶሮ ቢሆንም ቤከን አብሮት ይመጣል። «ኩባን» የሚባለው ሳንዱች ሃምም የተጠበሰ አሳማም አለው። ጣሊያን ሰብ የሚባለው ረጅም ሳንዱች ሃምና ሳላሚ (የደረቀ ሶሴጅ) ነው፤ ፔፐሮኒም ብዙውን ጊዜ አሳማ አለበት። የሚትቦል (ድቡልቡል የተፈጨ ሥጋ) ሥጋው የበሬና የአሳማ ድብልቅ ሊሆን ስለሚችል ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ «ባርቢኪው» ብቻ ካሉ አሳማ ማለታቸው ነው። በበሬ ሥጋ ከሚሠሩት ውስጥ ሩበንና ፓስትራሚ በብዛት ይገኛሉ። ሩበን «ራይ» በሚባለው ጠቆር ያለ ዳቦ ላይ ኮርንድ ቢፍ (በጨው የታሸ የበሬ ሥጋ)፣ ስዊስ ቺዝና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ነው። ለጥብስ የለመደ አፍ ቶሎ የሚወደው ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፊላደልፊያ ስሟ የተነሣበት ቺዝስቴክ ነው፦ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ በጋለ ብረት ላይ ይጠበስና ከቀለጠ ቺዝ ጋር ረጅም ዳቦ ውስጥ ይገባል። «ዊት» ካላችሁ ሽንኩርት ይጨመራል። ቤከንም በዚያው ብረት ላይ የሚጠበስበት ቤት አለና ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ረጅሙ ሳንዱች በአብዛኛው አገር «ሰብ» ይባላል፤ ፊላደልፊያ «ሆጊ»፣ ኒውዮርክ «ሂሮ»፣ ኒው ኢንግላንድ «ግራይንደር» ይሉታል። ሙሉው 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ሰው ግማሹ ይበቃል።

ሰብ የሚሸጥበት ቤት ስትገቡ ሠራተኛው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ዓይናችሁ እያየ ይሠራል። መጀመሪያ ዳቦ ያስመርጣል፣ ከዚያ ሥጋ፣ ቺዝ፣ «ቶስትድ?» ብሎ ይሞቅ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ አትክልት፣ መጨረሻ ላይ ሶስ። የማትፈልጉትን ገና ዳቦው ሲከፈት ተናገሩ፦ «ኖ ፖርክ፣ ኖ ቺዝ፣ ኖ ማዮ»። ሥጋው ላይ ቺዙ ከቀለጠ በኋላ ማንሣት አይቻልም። አሳማ የነካበትን ጓንት እንዲቀይር «ኩድ ዩ ቼንጅ ዩር ግላቭስ፣ ፕሊስ?» ማለት ነውር የለውም፤ በየቀኑ የሚሰሙት ጥያቄ ነው። «ኤቭሪቲንግ?» ሲሏችሁ ግን ዝም ብላችሁ «የስ» አትበሉ፤ ማዮኔዙም ቃሪያውም እዚያው ውስጥ ነው። ለመክፈል ስትደርሱ በአብዛኛው ስቴት የተለጠፈው ዋጋ ላይ ታክስ ይጨመራል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የቲፕ ጥያቄ በባንኮኒ አገልግሎት ግዴታ አይደለም።

በጾም ቀን «ቬጂተሪያን» የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ፤ ሥጋ የለውም እንጂ ቺዝና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ለጾማችን የሚቀርበው «ቪጋን» ነው። ማዮኔዝ በእንቁላል ይሠራል፣ ራንች የሚባለው ነጭ ሶስ ወተት አለው፣ ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳ ዳቦ ቅቤና እንቁላል አለው። ሰናፍጭ፣ ዘይትና ኮምጣጤ፣ አቮካዶ፣ ሁሙስ (የተፈጨ ሽምብራ) ይሆናሉ። ከሽምብራ ተጠብሶ የሚሠራው ፈላፈል ሳንዱች ጥሩ ነው፤ ሶሱ ከእርጎ ሳይሆን ከሰሊጥ መሠራቱን አረጋግጡ። የታሸገ ዳቦ ስትገዙ ከዝርዝሩ ሥር «ኮንቴይንስ» የሚለውን መስመር እዩ፤ ወተትና እንቁላል ካሉ እዚያ ይጻፋሉ፤ መስመሩ ከሌለ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጓቸው። የአሳማ ስብ ግን እዚያ አይጻፍም፤ «ላርድ» የሚለውን ከሙሉው ዝርዝር ፈልጉ።

የኦቾሎኒ ቅቤና ጄሊ ሳንዱች የአሜሪካ ልጆች የዘወትር ምሳ ነው፤ ዳቦው ወተትና እንቁላል ከሌለው ለጾምም ይሆናል። ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ ጄሊ ይበቃዋል። የኦቾሎኒ ቅቤውን ሁለቱም ዳቦ ላይ እስከ ጠርዙ ቀቡና ጄሊውን መሐል አድርጉ። ጄሊው ዳቦውን በቀጥታ ከነካ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጠጥቶት ይላቁጣል። ግን ለልጃችሁ ከመቋጠራችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ በአለርጂ ምክንያት ኦቾሎኒ የሚከለክሉ አሉ።

ለቤት ሥጋ ስትገዙ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ያለው ዴሊ (የተዘጋጀ ሥጋና ቺዝ የሚቆረጥበት ባንኮኒ) በፓውንድ ቆርጦ ይሸጣል። «ሃፍ ፓውንድ» 227 ግራም ነው፤ ለአራት ሳንዱች ይሆናል። ሃም የቆረጠው ማሽን ቀጥሎ የእናንተን ተርኪ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ የሚከብዳችሁ ከሆነ በፋብሪካ የታሸገውን ውሰዱ። ሐላል ለሚፈልግ ደግሞ ተርኪ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሐላል ምልክት ያለበትን ይግዛ። ከዴሊ የተቆረጠ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከፍሪጅ ውጭ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ለሥራ ስትቋጥሩ የበረዶ ከረጢት ጨምሩበት። ነፍሰ ጡር ካለች ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሥጋው እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ፣ ማለትም እስከ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ይሙቅላት።