ድርሰት ሲታረም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዳዲስ የአማርኛ መምህራን ያረሟቸው ወረቀቶች እጄ ሲገቡ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ፊደል እያሳደዱ ሐሳቡን ሳያነቡ ማለፍ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሰፈሯ የውኃ ችግር ጽፋ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ጀሪካኔ እንዳይሰረቅ ስሜን በጥፍር ቀለም ፃፍኩበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦኖው ጋ በእኔ ፋንታ የሚሰለፈው እሱ ነው» ትላለች። መምህሩ «ፃ»ን በቀይ ከቦ «ጻ» ብሎ አርሞ፣ ከአሥር አምስት ሰጥቷታል። በኅዳጉ ላይ ሌላ ቃል የለም! እንዲህ የታረመላት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የምታመጣው አጭርና ባዶ ድርሰት ነው፤ ፊደላቸውን እርግጠኛ ያልሆነችባቸውን ቃላት ሁሉ ትሸሻለች። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም እያቀያየረ ይጽፋቸዋል። አጠቃቀማቸውን ማስተማር ያስፈልጋል፣ ለብቻው ክፍለ ጊዜ ይያዝለት። የሐሳብን ነጥብ ግን አይንካ። ለዚያች ልጅ መጻፍ የነበረበት «ጀሪካኑን መግቢያው ላይ አምጪው፤ ከዚያ ስለ ሌሊቱ ወረፋ ንገሪኝ» የሚል ነበር። ይህን ብትባል ያኑ ቀን ማታ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች።

«ጥሩ ነው»፣ «በርቺ»፣ «ይሻሻል» አስተያየት አይደሉም።

መስፈርት ሳያወጡ ማረምም አለ። ለሐሳብ፣ ለአደረጃጀትና ለቋንቋ ስንት ስንት እንደሚያዝ ተማሪው መጻፍ ሳይጀምር ሰሌዳ ላይ ይስፈር። ስታርችና ኤሊየት የተባሉ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጡት ጥናት አንዱን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ከመቶ በላይ መምህራን አርመውት፣ ውጤቱ ከ64 እስከ 98 ተራርቋል። ወረቀቱ ያው አንድ ነው።

ፈተናው ብዙ የማብራሪያ ጥያቄ ካለው አንዱን ተማሪ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትለፉ። የመጀመሪያው መልስ ያስደሰተው መምህር ለደካማው ሦስተኛ መልስም እጁ ይፈታል። የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ሁለተኛ እረሙ፤ የተማሪው ስም እንዳይታያችሁም ወረቀቱን እጠፉት።

«ስድሳ ሰባ ልጅ ይዤ ለማን ልጻፍ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የብዙዎቹ የሆነውን ስህተት ሰሌዳ ላይ አብራችሁ አርሙት።

የመጨረሻው ስህተት ማርክና አስተያየትን በአንድ ወረቀት ላይ መመለስ ነው። ልጁ ቁጥሩን አይቶ፣ ከጎኑ ካለው ጋር አስተያይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ሩት በትለር በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ ያገኙት ልጆች በቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻሉ ከማርክ ጋር ያገኙት ግን እንዳልተሻሻሉ አሳይቷል። ስለዚህ ማርኩን መዝገባችሁ ላይ ያዙት፣ አስተያየቱን ብቻ መልሱና አንዱን አንቀጽ እንደገና አስጽፉ። «ማርካችንስ?» ማለታቸው አይቀርም። ሁለተኛው ጽሑፍ ሲገባ ይነገራቸዋል።